የአማቶች ምድጃ

ከልቱማ ቁመቷ ከዘነዘና እምብዛም አይበልጥም፤ ድምፅዋ ግን ከሰፈሩ ጫፍ ተነሥቶ ቧንቧው ዘንድ የተሰለፉትን ሴቶች አንገት ያስዞራል። ልጇን ያገባው አርባብ ደግሞ ሲቆም ራሱ የድንኳኑን ሸራ የሚገፋ ሰው ነው። ሙያው ጉድጓድ መቆፈር ስለሆነ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ቃሉንም ከሰባት ክንድ ጥልቀት በገመድ እየሳበ የሚያወጣ ይመስላል። እሷ ሳታስብ ትናገራለች፤ ከተናገረች በኋላም አስባ አትጸጸትም። እሱ ያስባል፣ አሁንም ያስባል፣ በመጨረሻ መናገሩን ይተወዋል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ የእህል መቀበያ ካርድ ላይ ስማቸው አንዱ ከሌላው ሥር ሰፍሯል። ከሁለት ዓመት በፊት ከከተማቸው ከጄኔና ሸሽተው፣ ድንበሩን ተሻግረው አድሬ ሲደርሱ፣ መዝጋቢው «አብራችሁ የመጣችሁት እነማን ናችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጇ ኩብራ በድካም «ሁላችንም» አለችውና፣ አርባብን፣ ራሷን፣ ሁለቱን ልጆቿንና እናቷን አምስት ነፍስ ብሎ ጻፋቸው። ካርዱ ላይ የተቀራረቡትን ያህል አማትና አማች በሕይወታቸው ቀርበው አያውቁም። ወገናቸው ማሳሊት ነው፤ የማሳሊት ሰው የአማቱን ፊት አያይም፤ ስሟን አይጠራም፤ እሷ ከምትቆርስበት ሳህን አይቆርስም። መንገድ ላይ ብትመጣበት ጥምጣሙን ወደ ዓይኑ ስቦ ወደ ቁጥቋጦው ይገባላታል።

ስምንት እርምጃ ስፋት ባላት የካምፕ ቦታ ላይ ይህን ሕግ መጠበቅ ቀላል አልነበረም። አርባብ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ሣር ነቅሎ፣ አጥር ሠርቶ፣ ግቢውን ለሁለት ከፈለው። ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል ሦስት ጊዜ ያስላል፤ እሷ ልትወጣ ስትል ጎድጓዳውን ሳህን በማንኪያ ትመታለች። የምትነግረው ነገር ካለ አጥሩ ሥር ለታሰረችው ፍየል ትነግራታለች።

«አንቺ ፍየል፣ ለጌታሽ ንገሪው፤ ጣሪያዬ ያፈሳል። ዝናቡ ከሰማይ ይምጣ ከእሱ ስንፍና ለይቼ አላወቅሁም በይው።»

በማግስቱ ከቧንቧ ስትመለስ ጣሪያው ተጠግኖ ታገኘዋለች። ከጋብቻው ጀምሮ፣ በአገራቸውም በካምፑም፣ ሰባት ዓመት እንዲህ ተሸሻሽገው ኖሩ፤ በመካከላቸውም አንድ ቀን ጠብ አልተነሣም።

ያ ክረምት ለተፈናቃዮች የሚመጣው እህል ያነሰበት ክረምት ነበር። የእርዳታ ድርጅቱ «በሌሉ ሰዎች ስም የሚወሰድ እህል አለ» አለና፣ ሕዝቡ እንደገና በአካል ይቆጠር ተባለ። ቆጣሪው ናዲንጋር የሚባል፣ በአገሩ ደቡብ ካለችው ከሙንዱ ከተማ የመጣ፣ ካምፑ ከደረሰ ገና ሦስት ሳምንት የሆነው ወጣት ነበር። ሸሚዙ በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል ነጭ ነው። አረብኛውን ይናገረዋል፤ የሰዉን ወግ ግን አያውቅም፤ አላውቅም ብሎም የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

አርባብ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። ከልቱማ እንደ ወጉ አርባ እርምጃ ርቃ፣ እሾሃማው ዛፍ ሥር ከጎረቤቷ ከሜራም ጋር ተቀምጣ ጆሮዋን አቆመች።

«ከልቱማ አደም ማን ናት?» አለ ናዲንጋር።

አርባብ ጥምጣሙን ወደ ዓይኑ ሳበ።

«የሚስት እናት ይላል። እውነት ነው?»

አርባብ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«የት አለች?»

ጀርባውን ለዛፉ እንደሰጠ በአገጩ ወደ ኋላው አመለከተ።

«ዙርና አሳየኝ እንጂ! የትኛዋ ናት? መልኳ ምን ይመስላል?»

«አላየኋትም» አለ አርባብ።

«ዛሬ ነው ያላየሃት?»

ያን ጊዜ አርባብ ቀና አለ። በዕድሜው ብዙ ጊዜ የማይገጥመው፣ አስቦ የሚመልሰው ሳይሆን አፉ ላይ የተዘጋጀ መልስ ነበረው። «ልጇን ካጨሁበት ቀን ጀምሮ አይቻት አላውቅም» አለ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «አንድም ቀን!»

በአገራቸው ቢሆን ይህን የሰማ ሽማግሌ «የተባረክ» ብሎ በመረቀው። ከልቱማም ዛፉ ሥር ሆና ደረቷ ሞላ። «ሰማሽ?» አለች ሜራምን በክርኗ ጎሽማ። «የኔ አማች ነው! እንዲህ ያለውን አማች ከየት ታገኛለሽ?»

ናዲንጋር ቀዩን እስክሪብቶ አነሣና ስሟን ሠረዘው።

ነገሩ የታወቀው በስድስተኛው ቀን፣ እህል ሲሠፈር ነው። ማሽላው ኮሮ በሚባለው መለኪያ ሳህን ተለክቶ፣ ክኩ ተሠፍሮ፣ ዘይቱ ተቀድቶ ሲያልቅ የኩብራ ማዳበሪያ ጆንያ ጎድሎ ቀረ።

«አራት ነፍስ» አለ ሠፋሪው።

«አምስት ነን እኮ!»

«እዚህ አራት ነው የሚለው፤ አንዷ የለችም።»

ከልቱማ ከሴቶቹ ሰልፍ ወጥታ እየተንደረደረች ቅሬታ የሚሰማበት ጠረጴዛ ዘንድ ደረሰች። የተቀመጠው ያው ናዲንጋር ነው።

«ልጄ፣ ከልቱማ እኔ ነኝ። እስቲ እየኝ፤ ሞቻለሁ?»

«እማማ፣ ሞተዋል አላልኩም። የሉም ነው ያልኩት።»

«ሆዴ ልዩነቱን አያውቀውም።»

«አማችዎ እኮ ራሱ አላየኋትም ብሏል። ሰዉ ሁሉ ሰምቷል።»

«እሰይ! እኔስ መቼ አየሁት? አፍንጫው ሰልካካ ይሁን ደፍጣጣ ብትጠይቀኝ አልነግርህም። ልጆቹን አይቼ ነው የምገምተው።»

«በአንድ ግቢ እየኖራችሁ?»

«ሰው በአንድ ግቢ የሚኖረው ተከባብሮ ነው። እናንተ አገር እንዴት ነው?»

ናዲንጋር ላቡን ጠረገ። «እኔ ከሚስቴ እናት ጋር አራት ዓመት ኖሬያለሁ። በየቀኑ ታየኛለች፤ በየቀኑም ትሰድበኛለች።»

«አየህ? ብትሸሸግላት ኖሮ ታከብርህ ነበር።»

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ፤ እሱም ሊስቅ ብሎ ያዝ አደረገው። ወረቀቱን ገለበጠ። «ደንቡን ልንገርዎ። ቤተሰብ ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ ነው። እርስዎ ከእሱ ጋር ከአንድ ድስት ይበላሉ?»

«አላህ ይጠብቀኝ! እኔ ለብቻዬ ነው የማበስለው።»

«እንግዲያው የእሱ ቤተሰብ አይደሉም። ካልሆነ ሐሙስ ይምጣ፤ ፊት ለፊትዎ ይቁም፤ ፊትዎን አይቶ፣ ስምዎን ጠርቶ፣ ይቺ ናት ይበልና ይፈርም። የዚያኑ ዕለት እመልስዎታለሁ። ከሐሙስ ካለፈ ቀጣዩ ቆጠራ ከስድስት ወር በኋላ ነው።»

ከልቱማ ስድስት ወሩን በጣቷ መቁጠር ጀምራ አራተኛው ላይ ተወችው።

ቤት ስትገባ ኩብራ አስቀድማ ሰምታ ነበር። የማሽላ ገንፎውን፣ አሲዳውን፣ ከራሷ ድርሻ ቀንሳ አቀረበችላትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እማ፣ አርባብ እሺ ብሏል።»

«ምኑን ነው እሺ ያለው?»

«ሐሙስ ሊቆም። ሊያይሽ፤ ስምሽን ሊጠራ። ኀፍረቱ በእኔ ይሁን ብሏል። አላህ የተራበ ሰውን አይቆጣም አለ።»

ከአጥሩ ወዲያ ሳል አልተሰማም፤ ነገር ግን ሰውየው እዚያ እንዳለ ሣሩ ራሱ ይናገር ነበር። ከልቱማ አሲዳውን አልነካችም። ያ ከጄኔና የወጡበት ቀን ትዝ አላት። እግሯ አብጦ መራመድ ስላቃታት አርባብ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ አህያ ላይ አስጭኗት፣ እሱ ገመዱን ይዞ ከፊት ሄደ። ከኋላቸው ይተኮሳል፤ ሰው ይወድቃል፤ የሚሮጥ ሁሉ እየዞረ ያያል። አርባብ ግን እስከ አድሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም። አማቱ ከአህያው ጀርባ ላይ መኖሯን የሚያውቀው በአህያው ኮቴ ነበር፤ ኮቴው ሲቀልለው ይቆማል፣ ሲከብድለት ይሄዳል።

«አንቺ ፍየል» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ለጌታሽ ንገሪው። ቤቴን ወስደውብኛል፤ ማሳዬን ወስደውብኛል፤ ባሌን የት እንደቀበሩት አላውቅም። ይቺን ወግ ግን አልሰጥም። ያኔ ጥይት ያላዞረውን ፊት ኮሮ ማሽላ አያዞረውም በይው! ሐሙስ ጉድጓዱን ይቆፍር።»

«እማ፣ ታዲያ ምን ልትበዪ ነው?»

«እሱን ገና እያሰብኩት ነው» አለች ከልቱማ፤ ኩብራም እናቷ «እያሰብኩ ነው» ስትል ሰምታ ስለማታውቅ ደነገጠች።

በማግስቱ ቧንቧው ዘንድ ሜራም ባዶ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሜራም ትልቅ፣ ዝግ ያለች፣ ስትስቅ ሆዷን የምትይዝ ሴት ናት፤ ያን ቀን የያዘችው ሳይስቃት ነው።

«እኔንም ሠረዙኝ። አማቼ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ይኸው አስራበኝ።»

«ሌላስ ማን አለ?»

ስም ሲጠራ ስም እየተጨመረ፣ ከዚያ ሰፈር ብቻ አሥራ አንድ ሆኑ። አማቾቹ ሁሉ በደንብ ያደጉ ነበሩና ሁሉም «አይተናት አናውቅም» ብለዋል። ከሴቶቹ ግማሾቹ አለቀሱ፤ ሁለቱ አማቾቻቸውን ሐሙስ ሊልኩ ነበር። ከልቱማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መካከላቸው ቆመች።

«ማንም አይሄድም። ቤተሰብ ከአንድ ድስት የሚበላ ነው አለኝ፤ በገዛ አፉ። እኛስ ምን አነሰን? አንድ ድስት እንጣድ።»

«ምን ጨምረን?» አለች ሜራም።

«ከየልጆቻችን ሁለት ሁለት እፍኝ። ከዋል አለሽ አይደል?»

«ያው ትናንት ከጉድጓድ ያወጣሁት አለ።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ከዋል ቅጠሉ ተወቅጦ፣ ጋን ውስጥ ተደርጎ፣ መሬት ተቀብሮ ሁለት ሳምንት ተብላልቶ የሚወጣ ነው። ሥጋ የሌለበትን ወጥ ባለሥጋ ያደርገዋል፤ ሽታው ግን ላልለመደው ሰው የተላከ ቅጣት ነው። አሥራ አንዱ አማቶች ሦስት ጉልቻ ተሸክመው ሄዱና፣ እህል የሚታደልበት ግቢ በር ላይ፣ የጭነት መኪኖች በሚዞሩበት ቦታ ላይ ተከሉት። እሳቱ ተያያዘ። ከዋሉ ፈላ። ነፋሱ የነበረው ወደ ናዲንጋር ድንኳን ነበር፤ ይህንንም ከልቱማ አመድ በትና አስቀድማ አረጋግጣለች።

ናዲንጋር መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ ወጣ። «ምንድን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም፤ ምሳ ነው» አለች ከልቱማ። «ና፣ ቁጠረን። ድስት፣ አንድ። የሚበላ፣ አሥራ አንድ። ጻፍ።»

«እዚህ መጣድ አይፈቀድም! መኪና ይገባል!»

«ይግባ። ማን ያዘው?»

«ዝምድናችሁ ምንድን ነው?»

«የሁላችንም አማቾች አላየናቸውም ብለዋል» አለች ሜራም። «ከዚህ የበለጠ ምን ዝምድና አለ?»

ሰው ተሰበሰበ። ዘበኛው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ናዲንጋር ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እንደገና አየው፤ ደንቡ እንደተናገረው ነው። «እሺ፤ የቤተሰቡ ራስ ማን ናት? ካርድ ያለ ራስ አይወጣም።»

«እኔ!» አሉ አሥራ አንዱም ባንድ አፍ።

«አንድ ራስ ነው የምፈልገው!»

«ለአንድ ቤት አሥራ አንድ ራስ ከበዛብህ፣ እስቲ የየትኛዋን ትቆርጣለህ?» አለች ከልቱማ። ከዚያም እንግዳ ቆሞ ሳይበላ መቅረቱ ደስ ስላላላት አሲዳ ቆረሰችለት። «ና ቅመስ። ግን ከዚህ ድስት ከበላህ አንተም ቤተሰባችን ነህ፤ ካርዱ ላይ እንዳትገባብን!»

አልቀመሰም። ግን እሳቱንም አላስጠፋም። በሁለተኛው ቀን ሾፌሩ ጥሩንባውን ቢነፋባቸው ከልቱማ «ለጉልቻው ንፋለት፤ እሱ ከተነሣ እኛም እንነሣለን» አለችው፤ መኪናው ዞሮ በሌላ በኩል ገባ። ሐሙስ መጣ፤ አንድም አማች ጠረጴዛው ዘንድ አልቆመም። ሐሙስም አለፈ። የየልጆቹ እፍኝ ግን ከሁለት ወደ አንድ ወረደ፤ ከልቱማ የልጅ ልጆቿ ሳህን ጎድሎ ስታይ ራሷ የምትቆርሰውን እያሳነሰች፣ ማታ ወገቧን በነጠላዋ አጥብቃ ታስረው ነበር።

በስድስተኛው ቀን ናዲንጋር ከድንኳኑ ወጥቶ ከልቱማን ለብቻዋ ጠራት። ነጩ ሸሚዝ አቧራ ለብሷል። ወንበር አቀረበላት።

«እማማ፣ የአገሩን ሽማግሌዎች ጠይቄ ነበር። ስለ ወጉ ነገሩኝ። አልገባኝም ነበርና ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ማሽላውስ?»

«የእርስዎ ተስተካክሏል። አድሬ ሲገቡ የሰጡት የጣት አሻራ ማሽኑ ውስጥ ተገኝቷል። አማችዎ መምጣት አያስፈልገውም። እዚህ ጣትዎን ያሳርፉ፤ ወደ እነሱ ካርድ ይመለሳሉ። ያለፈውንም ዛሬ እሰጥዎታለሁ።»

ጣቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ሊነሣ ቃጣው። «ሌሎቹስ?»

ናዲንጋር ጠረጴዛውን አየ። «የእነሱ አሻራ የለም። እነሱ ሲመዘገቡ ማሽኑ ገና አልመጣም ነበር። ለእነሱ አዲስ ካርድ ነው የሚያስፈልገው፤ የአንድ ድስት ካርድ። ደንቡ ይፈቅዳል፤ ግን እኔ አልፈርምም፤ አቤሼ ከተማ፣ ዋናው ቢሮ ነው የሚፈረመው። እስከዚያ ሁለት እደላ ሊያልፍ ይችላል። እንቢም ሊሉ ይችላሉ።»

«እኔ ወደ ልጄ ካርድ ከተመለስኩ፣ በድስቱ ካርድ ላይ እገባለሁ?»

«አይገቡም። አንድ ሰው በሁለት ካርድ አይጻፍም።»

«እኔ ከወጣሁ አሥር ይሆናሉ።»

«አሥር ይሆናሉ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እርስዎ ባይኖሩ ደብዳቤውን የሚከታተል የለም። እርስዎ ዝም ካሉ እኔም ዝም የምል ይመስለኛል፤ ሥራው ብዙ ነው።»

«አንተ ልጅ» አለች ከልቱማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብላ፣ «እውነት መናገር ታውቃለህ። ከሰዓት በኋላ እስካለው እስከ ዐስር ሶላት ጊዜ ስጠኝ።»

ለሜራም ሳትደብቅ ነገረቻት። ሜራም የምድጃውን አመድ በእንጨት እየጫረች ሰማቻት።

«ሂጂና አሻራሽን ስጪ» አለች። «ሞኝ አትሁኚ። ከጠገብሽ በኋላ እኛን ታስቢን የለ?»

«ከጠገብኩ በኋላ እተኛለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ሜራም ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗን ጠረገች።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ከልቱማ ግን ሦስት ጊዜ ቆመች። ሆዷ «እሺ በይ» ይላታል። የልጅ ልጆቿም ሳህን ያንኑ ይላል። ለሁለት እደላ ያህል ረሃብን ታውቀዋለች፤ የማታውቀው እንግዳ አይደለም። አሥሩን ሴቶች በስም በስማቸው እየጠራች ሄደች፤ ከእነሱም መካከል ሁለቱ ልጆቻቸው የሞቱባቸው፣ ከአማቻቸው ቤት በቀር ማረፊያ የማያውቁ ነበሩ። ለሦስተኛ ጊዜ በቆመችበት ዞረችና ወደ ናዲንጋር ጠረጴዛ ተመለሰች። እዚያ የቆየችው ውኃ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነበር።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ቤት ደረሰች። ጎድጓዳውን ሳህን በማንኪያ መታችው፤ ከአጥሩ ወዲያ አርባብ ሦስት ጊዜ አሳለ። ኩብራ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ከልቱማ ለፍየሏ አልተናገረችም፤ ሣሩን አጥር ፊት ለፊት ቆማ፣ ድምፅዋን እንደ ዱላ ቀጥ አድርጋ ይዛ ተናገረች።

«ሁላችሁም ስሙኝ፤ ወዲህ ያላችሁትም፣ ወዲያ ያለኸውም። ስሜ ከካርዳችሁ እንደተሠረዘ እንዲቀር ራሴ ተናግሬ መጣሁ። ወደ እናንተ ካርድ እንድመለስ ዛሬ ጠይቀውኛል፤ እንቢ ብያለሁ። አታልቅሺ ኩብራ፤ ገና አልጨረስኩም። ለአቤሼ የተጻፈው ደብዳቤ ላይ አሥራ አንድ ስም አለ፤ የቤተሰቡ ራስ ከልቱማ አደም ይላል፤ አሻራዬን ያሳረፍኩት እዚያ ላይ ነው። ወረቀቱ እስኪመጣ አቅም ያለን ስድስታችን ከወዲያኛው መንደር የማሽላ ማሳ እናርማለን፤ ባለማሳዋ ትናንት ምድጃችን ዘንድ መጥታ በቀን ሁለት ኮሮ ልትሰጠን ተስማምታለች። አቅም የሌላቸው አምስቱ ያበስላሉ። ወረቀቱ እንቢ ብሎ ከመጣ እንደገና በሩ ላይ እንጥዳለን፤ ከዋል እንደሆነ አያልቅብንም። ከልጆቹ ሳህን ከእንግዲህ አንድ እፍኝ አልቀበልም። ያንተን ክብር ደግሞ፣ አንተ ወዲያ ያለኸው፣ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም፤ እኔንም ሳታየኝ እንደኖርክ ሳታየኝ ትኖራለህ። ነገ ከጎህ ሶላት በኋላ ዕቃዬን ይዤ፣ ከአሥሩ ሴቶች ጋር ልኖር ወደ ምድጃው ሰፈር እገባለሁ።»